ከላብራቶሪ የተወገደ ኦሲሎስኮፕ ገዛሁ፤ ይበራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን መስመር የለውም። ልጠግነው ወይስ አዲስ ልግዛ?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ ነኝ፤ ኤሌክትሮኒክስን በትርፍ ጊዜዬ ነው የምነካካው። እስከ ዛሬ የነበረኝ መሳሪያ አንድ መልቲሜትርና አንድ መበየጃ ብቻ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ላብራቶሪ ዕቃውን ሲያድስ ያስወገደውን ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን ላይ የሚያሳይ መለኪያ) ገዛሁ። ቴክትሮኒክስ 465 ይላል። ሁለት ቻናል፣ 100 ሜጋኸርዝ። ሻጩ የነገረኝ እንደሚበራ ብቻ ነው፤ እንደሚሰራ ቃል አልገባልኝም።

ስሰካው የፊት መብራቱ ይበራል። ከኋላ ያለው ማራገቢያም ይዞራል። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ኢንተንሲቲውን (የመስመሩን ድምቀት) እስከ ጥግ አዞርኩት። ቢም ፋይንድ የሚለውን፣ ከስክሪኑ የወጣን መስመር የሚፈልገውን ቁልፍ ተጫንኩ። ትሪገሩን (ሞገዱን ስክሪኑ ላይ የሚያረጋውን) አውቶ ላይ አደረግኩት። ጭል የሚል ነገር የለም። የመጀመሪያው ቀን ሳበራው ደግሞ የሆነ የተቃጠለ ነገር ሽታ ለቅጽበት ሽው ብሎብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልሸተተኝም።

አንድ ጓደኛዬ «ይሄ በዕድሜ ከሁለታችንም የሚበልጥ ዕቃ ነው፤ ተይውና አዲስ ዲጂታል ግዢ» ይለኛል። ምክሩ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ማዞሪያዎቹን ሳዞር ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ነገር ልቤን ወስዶታል። ውስጡ እንዴት እንደሚሰራም ማወቅ እፈልጋለሁ። ልጠግነው? ከጠገንኩትስ ከየት ልጀምር? ክዳኑን መክፈት በጣም እፈራለሁ።

ካቻቢቴ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ጥሩ ዕቃ ነው የገዛሽው። መጀመሪያ ግን ሶኬቱን ንቀይው። ሽታ ከነበረ የሆነ ነገር ተጎድቷል ማለት ነው። ደጋግመሽ ባበራሽው ቁጥር ጉዳቱ ወደ ጎረቤቱ ሊሻገር ይችላል። ኢንተንሲቲውንም አሁኑኑ ወደ ግራ መልሺው። አንድ ቀን መስመሩ ድንገት ሲመለስ ኢንተንሲቲው ጥግ ላይ ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል።

ልጠግነው ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ጠግኚው። ለምን እንደምል ልንገርሽ።

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት ከሃያ ዓመት በፊት፣ ከቴክትሮኒክስ 500 ተከታታይ በአንዱ ነው። ትራንዚስተር ሳይሆን የቫኩም ቱቦ ነው የሚጠቀመው። ብቻዬን ማንሳት ይከብደኝ ነበር። ውስጡ ዛሬ እንደምናውቀው የታተመ ቦርድ የለውም። ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ የተዘረጉት ነጫጭ የሴራሚክ ዘንጎች ላይ ነው። ዘንጎቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አላቸው። በየጥርሱ መሃል ያለው ክፍተት በብር ተለብጧል፤ ሽቦው እዚያ ውስጥ ገብቶ ይበየዳል። እኔ ይሄን አላወቅኩም። አንድ ሬዚስተር ልቀይር ብዬ ተራ የመበየጃ ሊድ ይዤ ገባሁበት። ሁለት ሦስቴ ሳሞቀው የብሩ ልባስ እየሟሟ ወደ ሊዱ ገባ። ከዚያ በኋላ ሽቦው አልይዝ አለ። ባዶ ሴራሚክ ላይ ደግሞ ሊድ አይጣበቅም።

በጣም አዘንኩ። ልዘጋው ክዳኑን ሳነሳ፣ ውስጡ ላይ አንዲት ትንሽ የሊድ ጥቅል ተሰክታ አየሁ። የሆነ ቴክኒሻን ረስቷት ነው ብዬ ነበር። ማኑዋሉን ሳነብ ነው የገባኝ። ብር የተቀላቀለበት ሊድ ነው፤ ከመቶ 3 ገደማ። ሊዱ ራሱ ብር ስላለው ከሴራሚኩ ላይ ብሩን አያሟሟም። ያስቀመጠውም ፋብሪካው ነው። መሳሪያውን የሰሩት ሰዎች፣ አንድ ቀን አንድ የማያውቁት ሰው ሊጠግነው እንደሚከፍተው አስበው፣ የሚያስፈልገውን ሊድ እዚያው ትተውለታል። ያቺን ጥቅል በእጄ ይዤ ብዙ ቆየሁ።

እና የምልሽ ይሄ ነው። እነዚህ መሳሪያዎች እንዲከፈቱ ታስበው የተሰሩ ናቸው። ኩባንያውን ሃዋርድ ቮለምና ጃክ ሙርዶክ በ1946 እ.ኤ.አ. ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲያቋቁሙ፣ ኦሲሎስኮፕ ያኔም አዲስ ነገር አልነበረም። የካቶድ ሬይ ቱቦውን ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የሰራው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። እነሱ ያመጡት ትልቅ ነገር፣ ሞገዱ ስክሪን ላይ ረግቶ እንዲቆም የሚያደርግ አስተማማኝ ትሪገርና ቁጥሩ የሚታመን መለኪያ ነው። ያንቺ 465 የወጣው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። በሞገድና በሰርኪዩት ሥራ ዕድሜ ልካቸውን ያሳለፉ ብዙ ሰዎች የተማሩት በሱ ነው።

ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳትሽ በፊት ማኑዋሉን አውርጂ። ቴክዊኪ የሚባለው የአድናቂዎች ድረ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ። የአጠቃቀሙን ሳይሆን የሰርቪስ ማኑዋሉን ፈልጊ። የዚያ ዘመን ሰርቪስ ማኑዋል ከዛሬው ጋር አይወዳደርም። እያንዳንዱ ሰርኪዩት ለምን እንደዚያ እንደተሰራ በጽሑፍ ያስረዳል። ሙሉ ዲያግራሙ አለ። በዚህ ነጥብ ላይ ይህን ያህል ቮልት፣ በዚያኛው ላይ ይህን የመሰለ ሞገድ ይኑር ብሎ በሥዕል ያሳያል። እኔ ከማኑዋል የተማርኩትን ያህል ከየትም አልተማርኩም።

ከዚያ መጀመሪያ የምትለኪው የፓወር ሰፕላዩን (ለመሳሪያው ኃይል የሚያከፋፍለውን ክፍል) መስመሮች ነው። 465 አምስት ዋና ዋና ቮልቴጆች አሉት፤ +110፣ +55፣ +15፣ +5 እና −8። የሚለኩበት ነጥብ ቦርዱ ላይ የት እንዳለ ማኑዋሉ ያሳይሻል። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ ምንም አትንኪ፤ ችግርሽ እዚያ ነው። ብዙ ሰው ስክሪኑ ስለጨለመ ወደ ስክሪኑ ይሮጣል። ቱቦው ግን በብዛት ጤነኛ ነው። የተራበው እሱን የሚመግበው ነው።

ከማብራትሽ በፊት፣ ሶኬቱ ተነቅሎ እያለ፣ እያንዳንዱ መስመር ከግራውንድ (ሁሉም ቮልቴጅ ከሚለካበት ዜሮ ነጥብ) ጋር ስንት ኦም እንዳለው ለኪና ቁጥሮቹን እዚህ ጻፊልን።

ጥንቁቅ፦

ከመክፈትሽ በፊት እኔን ስሚኝ። ፍርሃትሽ ተገቢ ነው፤ አትጣይው።

ከስክሪኑ ቱቦ ጎን የሚገባ አንድ ወፍራም ሽቦ ታያለሽ። እሱ ላይ ሥራ ሲጀምር ከ10,000 ቮልት በላይ አለ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቱቦው ራሱ እንደ ካፓሲተር ቻርጅ ይዞ ይቆያል። ወደዚያ ክፍል መልቲሜትርሽን ይዘሽ አትሂጂ። ተራ መልቲሜትር ለዚያ አልተሰራም። ያንቺ ሥራ ከታች ያለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ነው። እዚያ ያሉት ትልልቆቹ ካፓሲተሮችም ቻርጅ ይይዛሉ። ስለዚህ ነቅለሽ ትንሽ ቆዪ፤ ከዚያ በመልቲሜትር ዜሮ መሆኑን አረጋግጪ። «ቆይቻለሁ፣ ባዶ ነው» ብሎ ማመን አይበቃም፤ ለኪው።

ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቂ። በርቶ ስትለኪ አንድ እጅሽን ብቻ ተጠቀሚ፤ ሌላኛው ከኋላሽ ይሁን። ቱቦውን አንገቱ ጋር አትምቺው፤ ውስጡ አየር የሌለው ባዶ ነው፣ ከተሰበረ ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስብርባሪው ይረጫል።

ሌላም አለ። የፕሮቡ (የኦሲሎስኮፑ መለኪያ ሽቦ) ግራውንድ መቆንጠጫ ከግድግዳው ሶኬት መሬት ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ከዋናው መብራት የሚሰራ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የሆነ ቦታ ቆንጥጦ ያፈነዳዋል። አንዳንዶች ይህን ለማለፍ የኦሲሎስኮፑን የመሬት እግር ይቆርጣሉ። እባክሽ ይሄን በፍጹም አታድርጊ። ያኔ ሞቱ ወደ መሳሪያው ብረት ይመጣል። በሁለት ፕሮብ ለክተሽ አንዱን ከአንዱ መቀነስ ትችያለሽ። 465 ለዚህ አድ (መደመሪያ) እና ኢንቨርት (መገልበጫ) አለው።

ለሁሉም የላብራቶሪ ዕቃ ገዢዎች የምለው ደግሞ ይሄ ነው፤ ከኤሌክትሮኒክስ ላብራቶሪ የወጣና ከባዮሎጂ ወይም ከኬሚስትሪ የወጣ ዕቃ አንድ አይደለም። የኋለኛው ውስጥ ምን እንደፈሰሰበት ካላወቃችሁና የጸዳበት ወረቀት ከሌለው አትግዙ። ያረጀ ሴንትሪፊዩጅ ሮተሩ በድካም ይሰነጠቃል፤ በሙሉ ፍጥነት ላይ ከተበተነ ብረቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ከ1979 እ.ኤ.አ. በፊት የተሰሩ ዘይት ያለባቸው ትልልቅ ካፓሲተሮች ፒሲቢ የሚባለውን መርዛማ ዘይት ሊይዙ ይችላሉ። የሚያፈስ ካያችሁ በእጅ አትንኩት።

ኪስ ላብራቶሪ፦

እኔ ከጓደኛሽ ጋር ነኝ። በቅንነት ነው የምለው።

የቱንም ያህል ብንወደው፣ ተራ አናሎግ ስኮፕ አንዴ ብቻ የሚከሰት ነገርን አይዝም። አንድ ማይክሮኮንትሮለር ሲነሳ የሚልከውን ምልክት ማየት ብትፈልጊ፣ ብልጭ ብሎ ያልፍሻል። ዲጂታሉ ይይዘዋል። ከትሪገሩ በፊት የሆነውንም ጭምር ያሳይሻል። እኔ ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ ነው የምጠቀመው፤ አራት ቻናል፣ በሰከንድ እስከ 1 ቢሊዮን ናሙና። መሳቢያ ውስጥ ካሉት ትንንሾቹ መሳሪያዎች ደግሞ ናኖቪኤንኤ አለኝ። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። አንቴና በየትኛው ድግግሞሽ ላይ እንደሚስማማ ትነግረኛለች። ኬብል ስንት ሜትር ላይ እንደተቆረጠ ሳይቀር ታሳየኛለች። ይሄን ሥራ ድሮ የሚሰሩት ሁለት ሰው የሚሸከማቸው መሳሪያዎች ነበሩ።

መጠገን ራሱ ከሆነ የምትፈልጊው፣ ጠግኚ። ለመለኪያ ከሆነ የምትፈልጊው ግን ጊዜሽን አስቢ።

ካቻቢቴ፦

ኪስ ላብራቶሪ ያለው ልክ ነው። እኔም ዲጂታል አለኝ፤ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር።

የመጀመሪያ ዲጂታል ስኮፔን የያዝኩ ሰሞን፣ ከአንድ ኦሲሌተር የሚወጣ ሞገድ ለካሁ። የታይም ቤዙን (ስክሪኑ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያሳይ የሚወስነውን) ማዞሪያ በጣም ዘገም አድርጌው ነበር። ስክሪኑ ላይ ቆንጆ፣ እርጋታ ያለው ሳይን ሞገድ መጣ። ድግግሞሹን አነበብኩ፤ ከጠበቅኩት በሺህ እጥፍ ያንሳል። ኦሲሌተሩ ተበላሽቷል ብዬ ግማሽ ቀን ለፋሁ። ኦሲሌተሩ ምንም አልሆነም። ስኮፑ ናሙና የሚወስድበት ፍጥነት ከሞገዱ አንሶ፣ ያልነበረ ሞገድ ነበር የሚያሳየኝ። ኤሊያሲንግ የሚባለው ይሄ ነው። ይዤው ወደ አሮጌው አናሎግ ሄድኩ። እዚያ ስክሪኑ አረንጓዴ ጭጋግ ሆነ፤ «ይሄ ሞገድ ላሳይሽ ከምችለው በላይ ፈጣን ነው» እንደማለት። ያን ቀን ነው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የጀመርኩት። አንዱ የነገረኝን ሌላውን እጠይቀዋለሁ።

አናሎጉን ተምሮ ወደ ዲጂታሉ የሄደ ሰው፣ ዲጂታሉ ሲያሳስተው ቶሎ ይነቃል። በቃ እኔ ያየሁት ይሄንን ነው።

ጀማሪዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማኑዋሉን አወረድኩ። ሁለት ምሽት አነበብኩት። ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝ ግማሽ ግን አስደሰተኝ።

ጥንቁቅ እንዳልከው ሰዓቴን አውልቄ፣ ነቅዬ፣ ቆይቼ፣ ለክቼ ከፈትኩት። ውስጡ እንዴት ያምራል! የወርቅ ቀለም ያላቸው የመገናኛ እግሮች፣ በቀለም የተለዩ ሽቦዎች፣ ሁሉም ነገር ላይ ቁጥር ተጽፏል። አቧራው ብዙ ነበር፤ በለስላሳ ብሩሽ አጸዳሁት። ከታች ያለው ብረት ላይ ደግሞ በእርሳስ የተጻፉ ቀናት አገኘሁ። አራት ናቸው። የሆነ ሰው በየጊዜው አስተካክሎ የጻፋቸው ይመስለኛል። የመጨረሻው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ነቅዬ በኦም ስለካ +110፣ +55፣ +5 እና −8 ሁሉም ከመቶዎች ኦም በላይ ናቸው። +15 ግን 1.2 ኦም ነው! ደጋግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። መስመሩ ቦርዱ ላይ ሁሉ ተሰራጭቶ ነው ያለው። በዲያግራሙ ላይ በዚህ መስመር ላይ የተሰቀሉትን ካፓሲተሮች ስቆጥር ሰለቸኝ። ሁሉንም አንድ በአንድ ልንቀላቸው?

ካቻቢቴ፦

አይ፣ አይ፣ አንዱንም አትንቀይ። አገኘሽው እኮ፤ ኦሙ እንዲህ ሲያንስ መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ ከግራውንድ ጋር ተነካክቷል፣ ሾርት አድርጓል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው መፈለግ ነው።

ጥፋተኛው የታንታለም ካፓሲተር ነው ብዬ እገምታለሁ። በዚያ ዘመን ዕቃ ላይ በጣም የተለመደ ነው። አልሙኒየሞቹ ሲያረጁ ይደርቃሉ፣ አቅማቸው ይቀንሳል። ታንታለም ግን አቅሙ ሳይቀንስ ለዓመታት ይሰራና አንድ ቀን ባንድ ጊዜ ሾርት ያደርጋል። የሸተተሽም እሱ ሊሆን ይችላል።

አሁን የማሳይሽ ዘዴ ብዙ ንቀላ ያድንሻል። አንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪና አንድ ባለ 10 ኦም፣ ባለ ግማሽ ዋት ሬዚስተር ውሰጂ። መሳሪያው ከሶኬት እንደተነቀለ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ከግራውንድ ጋር አገናኚ። ፖዘቲቩን በሬዚስተሩ በኩል አድርገሽ ወደ +15 መስመር መለኪያ ነጥብ አስገቢ። ቮልቴጁ ትንሽ ስለሆነ ትራንዚስተሮቹን አይጎዳም። ሬዚስተሩ ደግሞ ከረንቱን ይገድበዋል። አሁን ያለው ከረንት በሙሉ ከሞላ ጎደል ወደ ሾርቱ ነው የሚሄደው፤ ሌላ የሚሄድበት የለውም።

መልቲሜትርሽን 200 ሚሊቮልት ላይ አድርጊ። ጥቁሩ ግራውንድ ላይ ይቆይ። በቀዩ መስመሩን እየነካካሽ ሂጂ። የመዳቡ መስመርም ትንሽ ሬዚስታንስ ስላለው፣ ወደ ሾርቱ በቀረብሽ ቁጥር ሚሊቮልቱ ይቀንሳል። ሾርቱን ካለፍሽ በኋላ ግን ቁጥሩ መውረዱን ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ከረንት ስለማይሄድ ባለበት ይቆያል። መውረዱ ያቆመበት ቦታ ላይ ያለውን ካፓሲተር ተመልከቺ።

ባትሪውን ብዙ አታቆዪው፣ ይደክማል፤ ቁጥሮቹም አብረው ይወርዳሉና ያሳስቱሻል። ለክተሽ ንቀይ፣ አርፈሽ እንደገና ለኪ።

ሌሊት ለኪ፦

በመሃል ልግባ፤ ስለ «አሮጌ ወይስ አዲስ» ስለተነሳ ነው። ሁለቱን ማጋባት ይቻላል።

እኔ ያለኝ ከላብራቶሪ የወጣ ኤችፒ 34401ኤ መልቲሜትር ነው፤ ስድስት ተኩል ዲጂት። ከኋላው ጂፒአይቢ መሰኪያ አለው። ይሄ ኤችፒ ለራሱ መሳሪያዎች የፈጠረው የግንኙነት መንገድ ነበር፤ በ1975 እ.ኤ.አ. አይትሪፕልኢ 488 ተብሎ መደበኛ ሆነ። ባለ 24 እግር መሰኪያ ነው፤ አንዱን በሌላው ጀርባ ላይ እየደራረቡ በአንድ መስመር እስከ 15 መሳሪያ ማገናኘት ይቻላል። ብዙ ሰው ያንን መሰኪያ ሲያይ «ይሄማ አሁን የሚገናኝበት የለም» ብሎ ይተወዋል። አለ እንጂ። አንድ አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ላይ ኤአር488 የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኜ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር መገናኛ ሰራሁ። ከኮምፒውተሬ በፓይተን አዘዋለሁ፤ መልሶ ቁጥር ይልክልኛል።

ኤልኤም399 የሚባል የቮልቴጅ ሪፈረንስ (የማይዋዥቅ ቮልቴጅ እንዲሰጥ የተሰራ ቺፕ) አለ፤ ውስጡ ማሞቂያ ያለው፣ ወደ 6.95 ቮልት የሚሰጥ። እሱን በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አድርጌ በየደቂቃው ሌሊቱን ሙሉ አስለካሁት። ጠዋት ግራፉን ሳየው ከንጋቱ በፊት ቀስ ብሎ የወረደና ደግሞ የተነሳ ጉብታ አለው። ሦስት ሌሊት ተመሳሳይ ጉብታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ቴርሞሜትር ጨምሬ ስለካ የክፍሉ ቅዝቃዜ ሆኖ ተገኘ። የሚንቀሳቀሰው ሪፈረንሱ ሳይሆን እኔ ያልሸፈንኳቸው ሽቦዎች ነበሩ። የመዳብ ሽቦ ከሌላ ብረት ጋር ሲገናኝና ሙቀቱ ሲለያይ ራሱ ትንሽ ቮልቴጅ ያመነጫል። በጨርቅ ስሸፍናቸው ጉብታው ጠፋ። የማይክሮቮልት ነገር ነው። ይሄን ያሳየኝ ከሥራ ወጥቷል የተባለ መሳሪያ ነው።

ባለ ፕሮሰሰር አሮጌ መሳሪያ ለምትገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙዎቹ የማስተካከያ ቁጥሮቻቸውን የሚያስቀምጡት በባትሪ በሚኖር ሜሞሪ ውስጥ ነው። ለምሳሌ ቴክትሮኒክስ 2465ቢ ባትሪው እዚያው ቺፑ ውስጥ የታሸገ ነው። ባትሪው ከሞተ ማስተካከያው ሁሉ ይጠፋል፤ መሳሪያው ይበራል፣ የሚናገረው ግን አይታመንም። እንደዚህ ዓይነት ዕቃ እጃችሁ ሲገባ ከምንም በፊት ቁጥሮቹን አንብባችሁ ገልብጡ። ያንቺ 465 ይሄ ጣጣ የለበትም፤ ማስተካከያዎቹ በካቻቢቴ የሚዞሩ ናቸው።

ጀማሪዋ፦

አገኘሁት!!

ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ባትሪውን አገናኝቼ መለኪያው ነጥብ ላይ 158.6 ሚሊቮልት አነበብኩ። ወደ ግራ ስሄድ ያው 158.6። ወደ ቀኝ ስሄድ 156.1። ልቤ መምታት ጀመረ። ትንሽ ወደፊት 154.3። ከዚያ በኋላ ሌላ ነጥብ፣ 154.3። ሌላም፣ 154.3። ተመለስኩ። መውረዱ ያቆመበት ቦታ ላይ አንዲት የጠብታ ቅርጽ ያላት ካፓሲተር አለች። ከላይ ደህና ትመስላለች። በመብራት ጎንበስ ብዬ ከጎኗ ሳያት፣ ከታች በኩል የጥፍር ጫፍ የምታህል ቡናማ ስንጥቅ አለባት።

አንድ እግሯን ነቀልኩ። +15ን በኦም ስለካው ከመቶዎች በላይ ሆነ። ጮህኩ፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ደነገጡ።

አሁን ልቀይራት ነው። በላይዋ 20 ቮልት ይላል። የተሳለባት ምልክት የቱ ጋ እንደሆነ አይቻለሁ። ግን አልሙኒየም ካፓሲተር ላይ ያለው መስመር ኔጌቲቩን ያሳያል አይደል? እዚህም እንደዚያ ነው?

ካቻቢቴ፦

ቁሚ! እንኳን ጠየቅሽ። ታንታለም ላይ ተቃራኒው ነው። ምልክቱ የሚያሳየው ፖዘቲቩን ነው። አልሙኒየም ላይ ኔጌቲቩን፣ ታንታለም ላይ ፖዘቲቩን። በዚህ ስንት ሰው ተሳስቷል! የተገለበጠ ታንታለም ደግሞ ይፈነዳል፤ ይቃጠላልም። ከመበየድሽ በፊት በዲያግራሙም፣ በቦርዱ ላይ በተጻፈውም አመሳክሪ።

ደግሞ 20 ቮልት የሚችለውን መልሰሽ አታስገቢ። 15 ቮልት ላይ ለሚኖር ታንታለም 20 ጠባብ ነው፤ የሞተችውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ባለ 35 ፈልጊ፤ ቢጠፋ ባለ 25። የካፓሲተሩ መጠን ግን ያው ይሁን። ጥሩ አልሙኒየም ካገኘሽም እዚህ ቦታ ላይ ይሰራል።

ስታበሪው ኢንተንሲቲው ወደ ግራ ተመልሶ ይሁን። መጀመሪያ አምስቱንም ቮልቴጅ ለኪ። ልክ ከሆኑ ብቻ ኢንተንሲቲውን ቀስ እያልሽ ጨምሪ።

ጥንቁቅ፦

ለመጀመሪያው ማብራት፣ ከቻልሽ ከሶኬቱ ጋር በተከታታይ አንድ የድሮውን ዓይነት ባለ ክር አምፖል አስገቢ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ውስጥ አሁንም ሾርት ካለ አምፖሉ ይደምቅና ከረንቱን ራሱ ይበላል፤ መሳሪያሽ ይተርፋል። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ይሄን ማገናኛ መከለያ ባለው ሳጥን ውስጥ ካልሰራሽው ግን ይቅር፤ በተላጠ ሽቦ አይሞከርም።

ጀማሪዋ፦

ማገናኛውን የሚሰራልኝ ኤሌክትሪሻን ዘመድ አገኘሁ። አምፖሉ ብልጭ አለና ደበዘዘ። አምስቱም ቮልቴጅ ልክ ነው፤ +15ቱ 15.02።

ክፍሉን አጨለምኩ። ኢንተንሲቲውን በትንሽ በትንሹ አዞርኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር፣ ከግራ እስከ ቀኝ። ፖዚሽኑን ሳዞረው አብሮኝ ወረደ። ከፍ ሳደርገው ወጣ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ዕቃ እጄን ሲከተለኝ ማየት ምን እንደሚመስል መግለጽ አልችልም።

ፕሮቡን ፊት ለፊት ያለችው ካሊብሬተር (የመሞከሪያ ሞገድ መውጫ) ላይ ሰካሁ። የ1 ኪሎኸርዙ አራት ማዕዘን ሞገድ መጣ። ማዕዘኖቹ ግን ስል አይደሉም፤ ክብ ብለዋል። ስኮፑ ነው ወይስ ፕሮቡ?

አንድ ነገር ደግሞ አድርጌያለሁ። ካፓሲተሮቹን ስገዛ ትርፍ ነበረኝ። አንዷን በወረቀት ጠቅልዬ፣ የመቼ እንደሆነና የት እንደምትገባ ጽፌ፣ ክዳኑ ውስጥ ለጠፍኳት። በእርሳስ ከተጻፉት አራት ቀናት ሥርም አምስተኛውን ጻፍኩ።

ካቻቢቴ፦

ማጣበቂያው ሙቀት ላይ ይለቃል። ከማራገቢያው አርቀሽ በክር እሰሪያት።

ማዕዘኑ ክብ ያለው በፕሮቡ ነው። ፕሮቡ 10 እጥፍ ላይ መሆኑን እዪ። መያዣው ላይ ወይም መሰኪያው ጋ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ውስጧ የምትዞር ብሎን ታገኛለሽ። በብረት አትንኪያት፤ ብረቱ ራሱ መለኪያውን ያዛባል። በፕላስቲክ ካቻቢቴ ቀስ እያልሽ አዙሪያት። ብዙ ካለፍሽ ማዕዘኑ ወደ ላይ ይሾላል፤ ከጎደለ ክብ ይላል። ጠፍጣፋ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ። ሁለቱንም ቻናል ለየብቻ አድርጊ፤ ፕሮብ ስትቀያይሪ ደግመሽ እዪው።